ቀረጥ የተጠየቀበት ጥርስ

በመልሷ የማትቻል አንዲት በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ጥርስ ለማስተከል በከተማዋ የተጠየቀችው ዋጋ ቢያስደነግጣት፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ ተጨምሮበትም ሕንድ አገር ይቀንስልሻል ስለተባለች እዚያው ሄዳ አስተክላ ተመለሰች።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የጠበቋት የጉምሩክ ሹም መንገደኛ ማስጨነቅ የሚወዱ፣ ሲያልፉ ሠራተኛው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ሰው ነበሩ። ሻንጣዋን እስከ ታች ገለበጡት። ከአሮጌ ልብስ በቀር ምንም ሲያጡ ሴትዮዋ እፎይ ብላ ፈገግ አለች። ይሄኔ አዲሱ ጥርሷ ብልጭ አለባቸው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከሕንድ ነው፣ ጌታዬ።»

«አዲስ ነዋ! አዲስ ዕቃ ደግሞ ቀረጥ አለበት። ካልከፈልሽ ሻንጣሽ እዚሁ ይቀራል።»

በእጇ የቀራት የታክሲ ብቻ ነበር። «ኧረ አዲስስ አይደለም፣ ጌታዬ! አውሮፕላኑ ላይ ዶሮ በልቼበታለሁ።»

ከኋላዋ የተሰለፉት መንገደኞች ሳቁ። ሹሙ ግን ባሰባቸው።

«እዚህ በወሬ የሚያልፍ ዕቃ የለም! አገልግሏል ካልሽ ማስረጃ አቅርቢ።»

«እሱስ ልክ ነዎት» አለች ሴትዮዋ። «የእኔ ወሬ ምን ይታመናል? ጣትዎን ያስገቡና ሥራ መጀመር አለመጀመሩን ራስዎ ይፈትሹት።»

ይህን ብላ አፏን በሰፊው ከፈተችላቸው።

ሹሙ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና «እለፊ!» አሉ።