ሳይበስል የተሰጠ ኢጃዛ

ስሟ ከተራኪዎች አፍ በጠፋ አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። በዚያች ከተማ ቧንቧ መዘርጋት የሚችለው እሳቸው ዘንድ ሦስት ዓመት ተምሮ፣ በመስጊዱ ጀመዓ፣ በምእመናኑ ፊት ኢጃዛ፣ ማለትም የሙያ ፈቃድ፣ የተቀበለ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ቁፋሮ ነው፤ ሁለተኛው መግጠም። በሦስተኛው የመጠጥ ውሃን መስመር ከፍሳሹ መለየት ይማራል።

የእህታቸው ልጅ ጀውሃር ሁለቱን ዓመት እንደጨረሰ ሚስት ታጨችለት። የልጅቷ ቤተሰቦች ፈቃድ ለሌለው ሰው ልጃችንን አንሰጥም አሉ። እህታቸው ደጃቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ሐጂም ቅር እያላቸው፣ የቀረውን እየሠራ ይማረዋል ብለው ኢጃዛውን ሰጡት።

በዓመቱ በታችኛው ሰፈር ተቅማጥ ገባ። አራት ሰው ሞተ፤ አንዷ የዚያው ሰፈር ሴት የዘይነባ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሰው ሁሉ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብሎ ቀበረ። ሐጂ ቡሽራ ግን ከቀብር እንደተመለሱ ዶማ አንስተው ጀውሃር የዘረጋውን መስመር ቆፈሩ። የመጠጡ ቧንቧ በመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ሥር ያልፋል። መጋጠሚያው ጥቁር እርጥበት ይዟል።

ጀውሃር አጠገባቸው ቆሞ፣ ከእኛ በቀር ያየ የለም፣ አስተካክለን እንድፈነው፣ ሚስቴ እርጉዝ ናት እያለ ለመነ።

«የመጠጡ ከላይ እንደሚያልፍ አታውቅም?» አሉት።

«አላስተማሩኝም፣ አጎቴ።»

እውነቱን ነበር።

ከዓስር ሶላት በኋላ በጀመዓው ፊት ቆመው ያዩትን ሁሉ ተናገሩ። ለጀውሃር የሰጡትን ኢጃዛ ሻሩ፤ የራሳቸውንም የቧንቧ መፍቻ ኢማሙ እግር ሥር አኖሩ። ዘይነባ ከመስጊዱ በር ላይ ሆና ጠየቀቻቸው።

«ሐጂ፣ ቀደር ነው ብለው ያጽናኑኝ እርስዎ ነበሩ። አሁን በምን ልጽናና?»

«ሞቷ የአላህ ቀደር ነው፣ ልጄ» አሉ ሐጂ ቡሽራ። «ኢጃዛው ግን የእኔ ነበር።»

አልተጽናናችም። በማግስቱ ሽማግሌውና ጀውሃር የታችኛውን ሰፈር መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ መቆፈር ጀመሩ። የሦስተኛው ዓመት ትምህርት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተሰጠ። በአጠገባቸው ካለፈው ሰው ሰላምታ የሰጣቸው አልነበረም።

በቀደር ማመን ከኢማን፣ ከእምነት ነው። ሐጂ ቡሽራ የካዱት ቀደርን ሳይሆን ከጀርባው መደበቅን ነው። ለእህት እንባ ማዘን መልካም ሊመስለን ይችላል፤ ለሐጂም መስሏቸው ነበር። ግን ኢጃዛ አማና፣ የሰው አደራ ነው፤ ባለቤቱም ፈቃዱን የሚለምነው ሳይሆን ውሃውን የሚጠጣው ነው። ያቺ የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ማንንም ልትለምን አልመጣችም።