ልጁን ክርስትና ማን ያንሳው?

በአንድ ወቅት፣ ሙሽሮች ጫጉላቸውን ከዳሱ ጥግ በተከለለች ጎጆ በሚያሳልፉበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል የደንበጫ ልጅ ጫጉላዋን ቀይ ባሕር ዳር በቆመ ነጭ ቪላ ውስጥ ገባች። ደረጃው እብነ በረድ ነው። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይሽከረከራል፣ መስኮቱ ከላይ እስከ ወለል ይደርሳል፣ ከየትኛውም ክፍል ዐይን ሲገለጥ የሚታየው ባሕር ነው። እንዲህ ያለ ቤት የሚያርፉበት ሹማምንትና የውጭ አገር ሰዎች እንጂ የደንበጫ ሙሽሮች አልነበሩም።

ቪላው የክርስትና አባቷ የአቶ ደምለው ነው። አቶ ደምለው በወጣትነታቸው ምጽዋ ወርደው በንግድ የከበሩ ሰው ናቸው። የአንጓች አባት የሞተው እሷ ገና አፏን ሳትፈታ ነበር። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ያስገቧት፣ ለዓመት በዓል ልብስ የሚልኩላት፣ ኩፍኝ የያዛት ጊዜ ያን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው ራስጌዋ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ክርስትና አባት ማለት ልጅ አቅፎ ጠጅ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው እንዳልሆነ አንጓች ከማንም በላይ ታውቃለች። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሙሽራው ይርዳው አስተማሪ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሚስቱን ሲያይ የሚናገረው የሚጠፋበት ዓይነት ሰው። እንደ አገሩ ደንብ ሦስቱ ሚዜዎቹም ሙሽሮቹን ተከትለው ባሕር ወረዱ። ዛሬ ሦስት ጎረምሳ አስከትሎ ጫጉላ የሚሄድ ሙሽራ ቢገኝ ሙሽሪት በመጡበት አውቶቡስ ትመልሳቸዋለች። ያኔ ግን ሚዜ የቃል ኪዳን ወንድም ነው፤ ጫጉላ ቤቱን ይጠብቃል፣ ሙሽሮቹን ያጫውታል፣ ያበላል፣ ያጠጣል።

አንደኛው ሚዜ ላቀው ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ጥልፉን ያየ ሁሉ እጁን ይመርቃል። ሁለተኛው ፈንታሁን የዘጌ ልጅ ነው፤ ከመራመዱ በፊት ጣና ላይ መዋኘት የለመደ። ታላቅ ወንድሙን ሐይቁ ከበላው በኋላ ግን እናቱ ማተቡን አስይዘው፣ ዳግመኛ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ላይገባ አስምለውታል። ሦስተኛው ስመኘው የሁሉም ታናሽ፣ የሁሉም መሳቂያ ነው። ከአፉ ቀልድ አይጠፋም፣ በዚያ ላይ አንዲት የደጋ ዳሞት ልጅ ታጭታለት ስለነበር ፈገግታው ከፊቱ አይነጠልም።

እነዚህ ሦስት ሰዎች በዚያ ሁሉ ክፍል መሐል የተኙት መሬት ላይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ነው። ነጩን አንሶላ እንዳናቆሽሽ አሉ። ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያየውን ትልቁን አልጋ አንዱ ለአንዱ ሲያስቀድም፣ ያኛውም እንቢ ሲል፣ አልጋው ማንም ሳይተኛበት ቀረ። በረዶ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጡት በሶ ደግሞ ድንጋይ ሆኖ ስመኘው በሙቀጫ ሊወቅጠው ሲታገል ሙሽሪት ከላይ ሆና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

ምክንያቱም እሷ ከላይ ነች። ሙሽራ እስከ መልስ ድረስ የጫጉላ ቤት ደጃፍ አትረግጥም። እናቷ ሲሸኟት፣ ባሕርም ይሁን ገነት ደንቡ ደንብ ነው ብለዋታል። ስለዚህ አንጓች ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች። ሲነጋ ብር ይመስላል፣ ረፋድ ላይ አረንጓዴ ይሆናል፣ ማታ ይጠቁራል። እንዲህ ቀርቦ እንዲህ መራቁ ያናድዳት ጀመር።

አንድ ምሽት ይርዳውን፣ «ሲነኩት እንዴት ነው?» አለችው።

«እኔም ገና ከእግሬ በላይ አልነካሁትም» አላት። «ነገ በጠዋት አመጣልሻለሁ።»

በነጋታው ማልዶ የብርጭቆ ጆግ ይዞ ወረደ። ባሕሩን የሚያውቀው የግቢው ዘበኛ ገበያ ሄዶ ነበር። ይርዳው ከዳር ቀዳና ጆጉን ወደ ብርሃን ቢያነሳው አሸዋ ሞልቶታል፤ ደፋው። በእነሱ አገር ምንጭ የሚቀዳው ከዳር አይደለም። ዳሩ ከብት የረገጠው ድፍርስ ነው፤ ለሚወዱት ሰው የሚሆነው ጥሩ ውሃ ያለው ከመሐል ነው። ይርዳውም ለሚስቱ ድፍርስ አላቀርብም ብሎ ጥቂት ገባ። አሁንም አሸዋ ሆነበት፤ ጥቂት ጨመረ። ባሕር ግን ምንጭ አይደለም፤ ወለሉ በድንገት ከእግሩ ሥር ሸሸና ውሃው ወደ ውስጥ ይዞት ሄደ።

አንጓች ይህን ሁሉ ከመስኮቷ እያየች ነበር። መጀመሪያ እየተጫወተ መሰላት። ኋላ ጆጉ ከእጁ ሲወድቅ አየች፤ ልትጮህ ስትል ግን ከራሷ በላይ፣ ከሰገነቱ፣ የላቀው ድምፅ ቀደማት።

ላቀው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጸሎት እያደረሰ ነበር፤ ምሥራቁ ባሕሩ ነው። «ፈንታሁን፣ ይርዳውን ውሃ ወሰደው» አለ። ወርዶ ሊሮጥ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ነበር። ነገር ግን ማዕበሉ መሐል የምትታየውን ያቺን ጥቁር ራስ ዐይኑን ቢነቅል መልሶ እንደማያገኛት ገባው፤ እግሩን መለሰ። ነጠላውን ከትከሻው ገፎ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያውለበለበ መንገድ ያሳይ ጀመር። የማለዳዋ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ነበረች፣ ከውሃው ላይም ተመልሳ ትወጋዋለች። እንባው እየወረደ ዐይኑን አልጨፈነም። ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችልም፤ ጥልፉንም ትቶ ተራ ልብስ ብቻ ይሰፋል።

ፈንታሁን በረንዳው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። እዚያ ቤት ከገቡ ጀምሮ እግሩን እንኳ ባሕሩ ውስጥ አላስነካም። የላቀውን ድምፅ ሲሰማ ተነሣና ውሃው ጉልበቱ እስኪደርስ ሮጠ፤ እዚያ ላይ ቆመ። አንጓች መቆሙን አየች። እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ማተቡን ጨበጠ፣ ለቀቀው፣ ከዚያ ዘሎ ገባ። ውሃው ውስጥ ሆኖ ምንም አይታየውም፤ ማዕበል ባነሳው ቁጥር ዞሮ ነጠላውን ያያል፣ ነጠላው ወዳመለከተው ይቀዝፋል። ይርዳውን ሁለት ጊዜ ይዞ ሁለት ጊዜ አመለጠው፤ በሦስተኛው በጸጉሩ ጎትቶ አወጣው። እናቱ ወሬው የደረሳቸው ቀን ፊታቸውን አዞሩበት። ወንድምህን የበላ ውሃ ላይ መሐላዬን ጣልክ ብለው፣ ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን ሲረግጥ ተነሥተው ይሄዳሉ።

ይርዳው ዳር ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አይተነፍስም። ፈንታሁን አጠገቡ ወድቆ ያቃስታል። ላቀው በጭፍን እየተደናበረ ወርዶ ጆሮውን የይርዳው ደረት ላይ አደረገ፤ ምንም አልሰማም። ከዚያም ያንኑ ነጠላ የይርዳው ፊት ላይ አለበሰው። አንጓች ደጃፉ ላይ ደርሳ ያየችው ይህንን ነው።

ስመኘው ከማድ ቤት በሶ በተለወሰ እጁ መጣ። ነጠላውን ገፈፈው። ትምህርት ቤት ሳለ አንድ ሐኪም መጥቶ የሰመጠ ሰው እንዴት እንደሚረዳ በጭድ አሻንጉሊት ሲያሳይ፣ ከኋላ ተቀምጦ ክፍሉን ሁሉ ሲያስቅ የነበረ እሱ ነው። አሁን ያችን ያሾፈባትን ነገር አደረገ። ደረቱን ይጫናል፣ አፉን በአፉ ገጥሞ ይተነፍስለታል፣ ደግሞ ይጫናል። ቆየ። ላቀው አንገትጌውን ይዞ፣ «ተወው ስመኘው፤ ሬሳ አታንገላታ» አለው። ስመኘው ገፈተረው። «አልሞተም» አለና ቀጠለ። ፈንታሁንም ተወው አለው፤ አልሰማም። ይርዳው በመጨረሻ ባሕሩን ተፋና ሳለ። ደንበጫ ሲመለሱ ግን ስመኘው፣ ሙሽሪትን ትቶ ሙሽራውን የሳመ ሚዜ ተብሎ መጠቋቆሚያ ሆነ። ቀልዱ ደጋ ዳሞት ደረሰ፤ የእጮኛው ቤተሰብ አፍሮ ልጅቷን ለሌላ ዳረ።

አንጓች ባሏ ሲስል ሰማች። ደጃፉን መርገጥ ቀርቶ ከአሸዋው ላይ ሮጣ እንደደረሰች ያወቀችው እግሯ ሲረጥብ ነው። ባሕሩ መጥቶ ነካት። ሞቅ ያለ ነበር። እዚያው ተቀምጣ የይርዳውን ራስ አቅፋ አለቀሰች፤ የደንቡን ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም።

ዓመት ሳይሞላ ወንድ ልጅ ተወለደ። ይርዳው ያን ቀን ከጠጣው ባሕር በኋላ ደረቱ ደህና አልነበረም፤ ብርድ በነካው ቁጥር ይተኛል። አንጓች ለማንም ባትናገርም ትፈራለች። ይህ ልጅ አንድ ቀን እንደ እሷ አባቱን ቢያጣ የሚቆምለት ክርስትና አባቱ ነው፤ ለወንድ ልጅ ደግሞ የክርስትና አባት አንድ ነው፣ ለሦስት አይካፈልም።

ይርዳው፣ «አንቺ ምረጪ» አላት። «እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሽው አንቺ ነሽ።»

ወሬው ከተማውን ለሁለት፣ ኧረ ለሦስት ከፈለው። የላቀው ሚስት፣ ያላየውን ሰው ማን ያድነዋል፣ ባሌ ባይኖር ዋናተኛውም የሚዋኝበትን አያውቅም ነበር አለች። ሰው ደግሞ፣ እሱማ ልብሱም አልረጠበ፣ ፊቱን የሸፈነውም እሱ ነው ብሎ መለሰላት። የፈንታሁን ወዳጆች፣ ነፍሱን የሰጠ አንድ እሱ ነው አሉ፤ ያመጣው ግን ትንፋሽ የሌለው ሰው ነው ተባሉ። ለስመኘው የተከራከሩለት፣ ሁለቱ ለቀብር ሲያዘጋጁት ያስነሳው እሱ አይደለም ወይ አሉ። ሰው እጁ ድረስ ካመጡለት በኋላ ነዋ የሚሏቸው ግን አልጠፉም። ሦስቱ ሚዜዎች ራሳቸው አንድም ቀን ለራሳቸው አልተናገሩም። እያንዳንዱ ለሌላው ይመሰክራል፣ ይህም ነገሩን አባሰው።

አንጓች ቸግሯት አቶ ደምለውን ጠየቀች። ለክርስትናው ከምጽዋ መጥተው ነበር።

«እርስዎ እኔን ሲያነሱኝ ለምን ተመረጡ?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ክርስትና እናት እንድትሆንሽ የተጠራችው ሴት ቀርታ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን የተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ» አሉ እየሳቁ። «ተፎካካሪ ቢኖረኝ ማንም አይመርጠኝም ነበር።»

ያን ሌሊት አንጓች እሳቸው ያደረጉላትን አሰበች። ከሩቅ ሆነው ዐይናቸውን አልነቀሉባትም። ስትታመም ሁሉን ጥለው መጥተዋል። አትድንም ሲባል ደግሞ ከራስጌዋ አልተነሡም። ሦስቱ ሚዜዎች ተከፋፍለው ያደረጉትን እሳቸው ብቻቸውን አድርገውት ኖሯል። ለልጇም እንዲህ ያለ አንድ ሰው ትፈልጋለች፤ ያላት ግን ሦስት ነው።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። ቄሱ ሕፃኑን አጥምቀው፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ «ልጁን ክርስትና የሚያነሳው ማነው?» አሉ። ላቀው ፈንታሁንን ወደ ፊት ገፋው። ፈንታሁን ስመኘውን ጎተተው። ስመኘው ወደ ኋላ ሸሽቶ ላቀውን አስቀደመው። እንደዚያ እንደ ትልቁ አልጋ ማንም ሳይቀርብ ሊቀር ሆነ። ሕፃኑ ብርድ መታውና ማልቀስ ጀመረ። ያኔ ሁሉም ወደ አንጓች ዞረ።

ላቀው ሕፃኑን ለማየት ዐይኑን አጥብቧል። ፈንታሁን እጁን ማተቡ ላይ አድርጓል። ስመኘው ለአንዴ እንኳ ቀልድ አላመጣም።

አንጓች አንድ ስም ጠራች፤ ልጁም ማልቀሱን ተወ። የማንን ስም እንደጠራች ለእኔ የነገሩኝ ሰዎች ራሳቸው አይስማሙም፤ እናንተም ሳትጣሉ የምትቀሩ አይመስለኝም። ልጁ የእናንተ፣ ስጋቱም የእናንተ ቢሆን፣ ክርስትና እንዲያነሳው የማንን ስም ትጠሩ ነበር? ዐይኑን የሰጠውን፣ የእናቱን መሐላ የጣለውን፣ ወይስ ሞቷል ሲሉት እንቢ ያለውን?