ጠላው ቀድሞ የቀረበበት ደቦ

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ የምትኖር እመት አህይት የምትባል አህያ ነበረች። ሥራ በመጀመር ማን ብሏት! ጉድጓድ ትቆፍርና አፈሩ መርጠብ ሲጀምር ትተወዋለች። ጎጆ ትሠራና ግድግዳው ሲቆም፣ «ጣራው የትም አይሄድም» ብላ ሌላ ሥራ ትይዛለች። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቁም እስከዚያ ዓመት ድረስ ማንንም አልጎዳም ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ወለደች። ውርንጭላው የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ገና እግሩ አልጸናም። ክረምቱ ደግሞ ገብቷል። በክረምት ጉሙ ቀን በቀን ይወርዳል፤ ጉም ከወረደ አያ ጅቦ መምሸቱን አይጠብቅም። እመት አህይት ይህን ባሰበች ቁጥር ልጇን ወደ ጎኗ ታስጠጋለች።

«ዘንድሮስ የእሾህ አጥር አጥራለሁ! ለልጄ ስል!» አለችና ጠላ ጠምቃ ደቦ ጠራች።

ጎረቤቱ ሁሉ ነቅሎ መጣ። ዝንጀሮው ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ከርከሮው መሬቱን ይቆፍራል፤ ጋሽ ጃርት እሾሁን እየጎተተ ይደረድራል። እሾህ የማይፈራ እሱ ብቻ ነዋ! ቀበሮም መጥታለች፤ የሷ ሥራ ግን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ «በርቱ! እንዲህ ነው እንጂ!» ማለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ አጥሩ ሊያልቅ ደረሰ። በሩም ተሠርቶ ግንድ ተጋደመበት። የቀረው በጓሮ በኩል፣ ጅብ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት አንድ ክፍተት ብቻ ነው። የሚዘጋበት እሾህም ተቆርጦ አጠገቡ ተከምሯል።

ይኼኔ ቀበሮ ወደ እመት አህይት ጠጋ አለች።

«እህቴ፣ የጎረቤቱ ሁሉ ጉሮሮ ደርቋል። ምነው ጠላውን ደበቅሽው? ኋላ ንፉግ ናት ብለው እንዳያሙሽ።»

«ኧረ በስማም! እኔ ንፉግ?»

«እኔማ አውቅሻለሁ። የሌላውን አፍ ግን ማን ይይዝልሻል?»

ጋሽ ጃርት ይህን ሰማና እሾሁን አስቀመጠ።

«ተዪ፣ እመት አህይት! ደንቡን ታውቂው የለ? ጠላው ቀረበ ማለት ደቦው ተበተነ ማለት ነው። አንዴ ከተጠጣ ማንም ተመልሶ እሾህ አይነካልሽም። ይቺን እንዝጋና ከዚያ እስኪበቃን እንጠጣለን።»

«አንተ ደግሞ ነገር ታካብዳለህ!» አለች ቀበሮ። «ይቺ እንኳ ነገ ጠዋት የምትዘጋ ናት።»

እመት አህይት አንዴ ጃርቱን፣ አንዴ ጋኑን አየች። ስሟ እንዳይጠፋ ፈራች፤ ደግሞም ሥራ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የሚመጣባት ያ የድሮ ስንፍና መጣባት። ጠላውን አወጣች። ተጠጣ፣ ተዘፈነ፣ ተመረቀች። ጋሽ ጃርትም ደንብ ሆኖበት ጠጣና እያጉረመረመ ከሌሎቹ ጋር ሄደ።

ቀበሮ ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ቀጥ ብላ ወደ ጅቡ ዋሻ ገሰገሰች።

«አያ ጅቦ፣ ደስ ይበልህ! የእመት አህይት አጥር በጓሮ በኩል ክፍት ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ትገባለህ። ለእኔ ጉበቱን ብቻ ስጠኝ።»

«የእናቲቱን ነው የልጁን?»

«የሁለቱንም።»

«የሁለቱንም? ታዲያ እኔ ምን ልበላ ነው?»

«የቀረው ሁሉ ያንተ አይደል እንዴ!»

«የቀረው? እኔን ትራፊ ልታበዪኝ?» ብሎ ጅቡ ተነፋ።

ወይ አያ ጅቦ! ገና ባልያዘው ሥጋ ቁጭ ብሎ ይጨቃጨቅ ጀመር። ቀበሮም ጉበቱን አልለቅም አለች። ጉሙ እየወረደ እነሱ ይነታረካሉ።

እመት አህይት በዚያ ሰዓት ጋደም ብላ አጥሯን እያየች፣ «እንዴት ያምራል!» ትላለች። ልጇን ልታጠባ ዞር ብትል ውርንጭላው የለም። ክው አለች። «ልጄ! ልጄን!» እያለች ግቢውን ስትዞር፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሣር ሲያሸት አየችው። በጓሮው ክፍተት ሾልኮ ወጥቷል። ወጥታ በአፍንጫዋ እየገፋች አስገባችው።

«ይሄ አንድ ፍሬ ልጅ እንደ ዘበት ከወጣበት፣ አያ ጅቦ ምን ይዞት ነው የማይገባበት?» አለች። «ምን ነክቶኝ ነው? ምን ሆኜ ነው የተውኩት?»

ጎረቤት ልትጠራ አሰበች፤ ሁሉም ርቋል፤ ጉሙም መንገዱን ሸፍኖታል። እሾሁን በጥርሷ ነክሳ ብቻዋን መጎተት ጀመረች። እሷ እንደ ጋሽ ጃርት አይደለችም፤ እሾሁ ከንፈሯን ቀደደው፣ ደረቷን ቧጠጠው። አብዛኛውን እንደ ደረደረች ያ ስንፍና እንደገና መጣባት። «አሁንስ ይበቃል፤ በዚህ ጅብ አይገባም» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየች። ከሥር የጅብ አንገት የሚያስገባ ቦታ አለ።

«ዛሬስ አይሆንም!» አለችና እንባዋ እየወረደ የመጨረሻውን ቅርንጫፍ ጎትታ ወተፈችው።

አፍታም አልቆየ፣ ከጉሙ ውስጥ የሩጫ ድምፅ ተሰማ። ጅቡ ቀበሮ ቀድማ ጉበቱን እንዳትወስድበት ሰግቶ ጭቅጭቁን ጥሎ መምጣቱ ነው፤ ቀበሮም ከኋላው ትከተለዋለች። ክፍተቱ ነበረበት የተባለው ቦታ ሲደርስ፣ እንደተነገረው ዓይኑን ጨፈነና ተወረወረ።

«ዋይ! ዋይ! አፍንጫዬን! አፍንጫዬን!»

እመት አህይት ልጇን ከሆዷ ሥር አድርጋ ትንፋሿን ዋጠች። ጅቡ እሾሁን በግንባሩ ገፋ፤ አልሆነለትም። በጎኑ ገፋ፤ ባሰበት።

«አንቺ ቀበሮ! ክፍት ነው ያልሽኝ ይሄ ነው? የኔን ጉበት ፈልገሽ ነው እንዴ ያመጣሽኝ?» ብሎ ዞረባት። ከዚያ ወዲያ የተሰማው የሁለቱ ሩጫ ወደ ወንዙ እየራቀ ሲሄድ ነው።

«እፎይ! ተመስገን! እፎይ ልጄን!» አለች እመት አህይት፤ ዘፍ ብላም ተቀመጠች። ውርንጭላው ምን ተዳው፣ ጡቱን ይፈልጋል። እሷም መሳቅ ይሁን ማልቀስ ግራ ገብቷት አጠባችው። እንደዚያን ቀን እንቅልፍ ጣፍጧት አያውቅም።

ሲነጋ ቀበሮ እያነከሰች በበሩ በኩል ብቅ አለች።

«እህቴ፣ እንደምን አደርሽ? ትናንት የቀረችውን ቦታ ላግዝሽ ብዬ መጣሁ። የቱ ጋ ነበረች?»

እመት አህይት ከአጥሩ ውስጥ ሆና ሣሯን እያኘከች መለሰች።

«እኔንም ጠፋኝ። እስቲ አያ ጅቦን ጠይቂው፤ እሱ በአፍንጫው ያውቃታል።»

ከዚህ የምንማረው የጀመርነው ሥራ የሚያድነን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሳይሆን ሲያልቅ መሆኑን፣ «የቀረችው ለነገ ትቆይ» የሚለንም ሁሉ ወዳጃችን አለመሆኑን ነው።