የትርንጎ አራት ዕድሜዎች

አንድ ወንዝ ለሁለት የከፈለው መንደር ነበር። ወንዙ በበጋ ዶሮ ጫማዋን ሳታወልቅ የምትሻገረው፣ በክረምት ደግሞ ዝሆን ንስሐ ገብቶ የሚሻገረው ነበር።

መንደሩ ድልድይ አልነበረውም። ድልድዩ ገመድ ነበር፤ ገመዱን የሚይዙት ደግሞ ልጆች። ገመዱ በማዶ በኩል ከቋጥኝ ጋር ይታሰራል፤ በወዲህ በኩል ግን አይታሰርም። አንድ ክረምት ከዋርካ ጋር አስረውት፣ ወንዙ ተሸክሞ ያመጣው ግንድ መታውና እንደ ስፌት ክር በጠሰው። ከዚያ ወዲህ በእጅ ነው የሚያዘው። እጅ ግንድ ሲመጣ ያላላል፣ ግንዱ ሲያልፍ ይስባል። ልጆቹ በወዲህኛው ዳር ባለ ሌላ ቋጥኝ ላይ በተፈለፈሉ ጠባብ መቀመጫዎች በተርታ ይቀመጡና "ላላ... ሳብ" እያሉ በዜማ ይይዙታል። የሚሻገረው ሰው ወገቡን ከገመዱ ጋር ጠልፎ ይገባል። አዋቂው እርሻ ላይ ስለሚውል ሥራው የወጣቶች ነው፤ የገመድ ልጆች ይባላሉ።

በዚያ መንደር የገመድ ልጅ ያልሆነ ሰው ጓደኛ የለውም ማለት ይቻላል። የገመድ ልጆች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይዘፍናሉ፣ ሲያድጉ አብረው ይደግሳሉ፣ ሲያረጁ እንኳ አብረው ነው የሚያስሉት።

ሕጉ አጭር ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ይገባል። ያልሞላው አይገባም። በሞላበት ዓመት ሳይገባ የቀረ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይገባም፤ አብሮ ለመሳብ አብሮ መጀመር ያስፈልጋል ይላሉ።

የሕጉ ጠባቂ ሊቀመንበሩ ጋሽ ደባልቄ ነበሩ። ጋሽ ደባልቄ ቀልድ የሚባል ነገር ቤታቸው ገብቶ አያውቅም፤ አንዴ ፈገግ ቢሉ ጎረቤቱ ጥርሳቸውን አመማቸው ብሎ መድኃኒት ይዞ መጣ። ግን ምክንያት ነበራቸው። ገና በጎልማሳነታቸው፣ ሕግ የሚባል ሳይኖር፣ አንድ ትንሽ ልጅ ለምኗቸው ገመድ አስያዙት። ገመዱ ሲሳብ ልጁ መልቀቅ አላወቀበትም። ገመዱ ተመለሰ፤ ልጁ አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ እጅ ገመድ አጠገብ ባዩ ቁጥር ሮጠው ያርቁታል።

ችግሩ ዕድሜን ማወቅ ላይ ነበር። በመንደሩ ልደቱን በቀን የሚያውቅ የለም። የወላጅ ቃል ደግሞ አይታመንም፤ አንዱ አባት ጢሙ ደረቱ የደረሰ ልጁን ይዞ መጥቶ "አሥራ ሁለት የሞላው ዘንድሮ ነው" ብሎ ምሏል። ስለዚህ ጋሽ ደባልቄ መላ ዘየዱ። ልጁን ክፍሉን መጠየቅ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ወላጅ ሊዋሽ ይችላል፣ ክፍል አይዋሽም አሉ። መንደሩም አጨበጨበ።

ገመዱ ውሃ የሚጠጣበት ቀን ደረሰ። ያን ቀን ደረቁ ገመድ ወንዝ ውስጥ ተነክሮ ይለሰልሳል፣ አዲስ ገቢዎችም መቀመጫቸውን ይይዛሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚገባ የለም። የጋሽ ደባልቄ ልጅ አሻግሬ ከጠዋት ጀምሮ ቦታውን ይዟል፤ የሊቀመንበሩን ልጅ ስንተኛ ክፍል ነህ ብሎ የሚጠይቅ ደፋር አልተገኘም። ከአሻግሬ ፊት፣ ከውሃው አፋፍ ላይ፣ አንድ መቀመጫ ብቻ ባዶ ቀርቶ ነበር።

እሱን ፈልጋ የመጣችው የልብስ ሰፊው የምትኩ ልጅ ትርንጎ ነበረች።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?" አሏት ጋሽ ደባልቄ።

"ክፍል የለኝም።"

"ክፍል የሌለው ተማሪ አለ እንዴ?"

"ቤት ነው የምማረው። አባባ ሲሰፋ አነብለታለሁ፣ ጨርቅ ሲለካ አሰላለታለሁ።"

ምትኩ ትምህርት ቤቱ ማዶ ስለሆነና ውሃ የሚያስቀራት ቀን ስለበዛ፣ ልጁን ራሱ ለማስተማር ቆርጦ ነበር። አሁን ከኋላዋ ቆሞ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሽ ደባልቄ፣ እሷ እኮ የተወለደችው..."

"የወላጅ ቃል አይሰማም።"

ምትኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ክፍል የሌለው ሰው ዕድሜ የለውም" አሉ ጋሽ ደባልቄ። ወዲያው ግን የልጅቷን ዓይን አዩና ትንሽ ራሩ። "ይሁን፤ የማዶው መምህር እዚህ ናቸው፣ ይፈትኗት። ስንተኛ ክፍል እንደሚገባት ይንገሩንና ዕድሜዋን ከዚያ እናወጣለን።"

መምህሩ ከኪሳቸው ጋዜጣ አወጡና አስነበቧት። ትርንጎ የሬዲዮ ሰው ይመስል አንበለበለችው፤ በመንገድ የሚያልፍ አህያ እንኳ ቆሞ አዳመጠ ይባላል። "ይህ የአሥረኛ ክፍል ንባብ ነው" አሉ መምህሩ። ጋሽ ደባልቄ በጣታቸው ቆጠሩ። "አሥረኛ ክፍል ማለት አሥራ ስድስት ዓመት ነው። አልፏታል።"

"የማባዣ ሰንጠረዡን በቃልሽ በይልኝ" አሉ መምህሩ። ትርንጎ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሰምታ አታውቅም። "ሁለተኛ ክፍል" አሉ። "ስምንት ዓመቷ ነው፤ አልደረሰችም" አሉ ጋሽ ደባልቄ።

"ልትናገሪ ስትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ?" ሲሏት "እናገራለሁ" አለች። ጣት ማውጣት አታውቅም፣ ሰልፍ አታውቅም፣ የጠዋት መዝሙር አታውቅም። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በዚህስ መዋዕለ ሕፃናትም አልገባች።" ይህ በጋሽ ደባልቄ ቆጠራ አራት ዓመት ሆነ።

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሽማግሌ ትዕግሥታቸው አለቀ። "ድሮ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እንደሚደረገው ይሁን፤ እጇን በራሷ ላይ አሳልፋ ጆሮዋን ትንካ።" ትርንጎ እጇን በአናቷ አሳለፈች። ጨርቅ ስትዘረጋ ያደገች ልጅ ናትና እጇ ጆሮዋን አልፎ፣ ጉንጯን አልፎ፣ አገጯ ላይ ደረሰ። ሽማግሌው ፈሩ። "ይህች ሃያ ዓመቷ ነው" አሉ።

አንዲት ልጅ አራት ዕድሜ ይዛ ቆመች፤ በሁለቱ ትልቅ ናት፣ በሁለቱ ትንሽ። ወንዙ በሚመጣበት በላይ አገር ሰማዩ ጠቁሯል፤ ፀሐይ ወደ ኮረብታው ዘቅዝቃለች።

"ሲደመር አርባ ስምንት ነው" አለች ትርንጎ ቀስ ብላ። "ለአራት ሲካፈል አሥራ ሁለት ይሆናል።"

ሰው ሳቀ፤ መምህሩም ሳቁ። ጋሽ ደባልቄ አልሳቁም። እጇን እያዩ ነበር። ቀጭን ነው። ያ የድሮው ልጅም እጁ ቀጭን ነበር።

"በአማካይ ገመድ አይሳብም" አሉ።

"ጋሽዬ፣ አንዴ ይስሙኝ፣ እሷና የእርስዎ..." ብሎ ምትኩ ጀመረ።

"የወላጅ ቃል አይሰማም አልኩ።" በከዘራቸው መሬቱን ጫሩና መስመር አሰመሩ። "አንቺ ልጅ፣ ከዚህ መስመር አትለፊ። ነገር ግን ቂም እንዳትይዥብኝ።"

ትርንጎ አላለቀሰችም። የእግሯን ጣቶች ከመስመሩ ጋር አስተካክላ፣ እጆቿን ከኋላዋ ቆልፋ ቆመች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከተቀመጠው ሁሉ ልጅ ኋላ መቆሟ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ዕድሜ ልኳን።

ይህን ጊዜ ከማዶ ድምፅ መጣ። ከገበያ የተመለሱት የጋሽ ደባልቄ ባለቤት እትዬ የሻረግ ናቸው። ወገባቸውን ጠልፈው ጨርሰዋል። ጋሽ ደባልቄ ሰማዩን አዩና "ቆዪ" ሊሉ እጃቸውን አነሡ፤ እትዬ የሻረግ ግን ሰላምታ መስሏቸው እየሳቁ ገቡ።

መሐል ሲደርሱ ወንዙ ድምፁን ለወጠ። መጀመሪያ እንደ ወፍጮ፣ ከዚያ መቶ ወፍጮ ቁልቁል እንደሚንከባለል። ውሃው ቡናማ ሆኖ ተነሣ። ፊት ፊት አንድ ግንድ እየተገለባበጠ መጣ።

"ላላ" አሉ ልጆቹ። ገመዱ ላላ፣ ግንዱ አለፈ። "ሳብ" አሉ። ገመዱ ግን እንደሚገባው አልተሳበም። ከፊት አንድ እጅ ጎድሏል። የጎደለውን ሸክም የተሸከመው አሻግሬ ነው፤ መዳፉ መቁሰል ጀምሯል። እትዬ የሻረግ እስከ አንገታቸው ገቡ። አዋቂዎቹ ሮጠው ከኋላ ያዙ፤ ክፍተቱ ግን ከፊት ነው። ጋሽ ደባልቄ ዘለው ባዶው መቀመጫ ውስጥ ለመግባት ሞከሩ። ለልጅ ወገብ የተፈለፈለ ድንጋይ ነውና እሳቸውን አላስገባም፤ ጉልበታቸው አገጫቸውን መታውና ጭቃው ላይ ተንሸራተቱ።

"አባዬ፣ እየለቀቀኝ ነው" አለ አሻግሬ።

ጋሽ ደባልቄ ዞሩ። ልጅቷ መስመሩ ላይ ቆማለች። እጇ ከኋላዋ እንደተቆለፈ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ላላ ሳብ፣ ላላ ሳብ። ሁሉንም ክረምት በመስኮት ብቻዋን የሰማችውን ዜማ ነው የምትለው።

ያ የድሮው ልጅ ዓይናቸው ላይ መጣ። መልሰው ወደ ወንዙ ዞሩ። የሚስታቸው ሻሽ ብቻ ከውሃው በላይ ይታያል።

"ነይ" አሉ።

"መስመሩስ?" አለች።

ጋሽ ደባልቄ በጭቃ እግራቸው መስመሩን ደመሰሱት። "ነይ ልጄ። ከሁሉ በፊት ግን መልቀቅ ነው፤ ከበረታብሽ ትለቂያለሽ። ሰምተሽኛል?"

"ሰምቻለሁ። ክርም ሲጠላለፍ ካላላሉት ይበጠሳል" ብላ መቀመጫው ውስጥ ጥልቅ አለች። ልክክ አለላት። ዜማውን ከመሐል ነው የተቀበለችው። ሁለተኛ ግንድ መጣ፤ "ላላ" አለች ከሁሉ ቀድማ። ከዚያም "ሳብ"። ገመዱ ተሳበ። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ፤ እትዬ የሻረግ እንደ ታጠበ ጋቢ ከባድ ሆነው ዳር ወጡ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ሲሮጥ ትርንጎ ተነሣች። መስመሩ ወደነበረበት ተመልሳ፣ የእግሯን ጣቶች አስተካክላ፣ እጆቿን ከኋላዋ ቆልፋ ቆመች። ጋሽ ደባልቄ ይህን አዩ። ከወንዙ ይልቅ ይህ ከበዳቸው።

እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን እየጨመቁ "ፊተኛው ቦታ ለምን ባዶ ሆነ?" አሉ።

"የዚችን ልጅ ዕድሜ ስናጣራ ነው" አሉ ጋሽ ደባልቄ።

"የማንን? የትርንጎን?" እትዬ የሻረግ ዙሪያውን አዩ። "ከአሻግሬ ጋር በአንድ ጠዋት ተወልዳ ምኑ ነው የሚጣራው? አንተ ለክስ ከተማ ወርደህ ነበር። ጡቴ እምቢ ቢለኝ ሁለቱንም ያጠባቻቸው የምትኩ ሚስት ናት። ይህን የማያውቅ ሴት እዚህ መንደር የለም።"

ጋሽ ደባልቄ ወደ ምትኩ ዞሩ። "አንተ ሰው፣ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር ጋሽዬ" አለ ምትኩ ሜትሩን እያሻሸ።

"ክፍል... ክፍል የላትም እኮ" አሉ ጋሽ ደባልቄ፤ ድምፃቸው ግን ወደ ጢማቸው ውስጥ እየገባ ነበር።

"አሻግሬ እየደገመ አራተኛ ክፍል ሲቀመጥ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ" አሉ እትዬ የሻረግ። "ዕድሜውም አብሮት እየደገመ ነው?"

አሻግሬ የቆሰለ መዳፉን ትኩር ብሎ ማየት ጀመረ። የሕዝቡ ሳቅ ወንዙን አስደነገጠው።

ጋሽ ደባልቄ ወደ ልጅቷ ሄዱ። መሬቱን አዩ፤ እዚያ ምንም መስመር አልነበረም፣ እሷ ግን ታከብረዋለች። ኮረብታው ላይ የፀሐይዋ ጫፍ ብቻ ቀርቷል። እጇን ይዘው፣ ራሳቸው፣ እስከ መቀመጫዋ ወሰዷት። ከዚያ ፈገግ አሉ። ያን ቀን ጥርሳቸውን አመማቸው ያለ የለም።

ሕጉ እስከ ዛሬ አልተሻረም። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ገመድ አይነካም፤ ያ የጠፋ ልጅ እንዳይደገም ሕጉ ያስፈልጋል። የተለወጠው ጥያቄው ነው። አዲስ ልጅ ሲመጣ ጋሽ ደባልቄ "ስንተኛ ክፍል ነህ?" ማለት ትተዋል። "ከማን ጋር ተወለድክ?" ይላሉ። የልጆቹን እናቶችም አስቀምጠው ያደምጣሉ።

ሕግ ልጅን ከአደጋ ለመጠበቅ ይሠራል፤ ጠባቂው ግን ልጁን ትቶ መለኪያውን ብቻ ካየ ሕጉ ራሱ አደጋ ይሆናል። ትምህርት ቤት የሄደውም፣ ቤቱ የተማረውም፣ አራተኛ ክፍል የሰፈረውም በአንድ ፀሐይ ነው የሚያድገው። እርስዎስ በሚጠብቁት በር ላይ፣ በደመሰሱት መስመር ኋላ እጁን ቆልፎ አሁንም የቆመ ልጅ የለም? ዞር ብለው አይተዋል?