ከጭንጫው የተለቀመ ዘር

ዓመቱ 1991 ነው። ዝናቡ ሐምሌ ስምንት ገባ፣ ነሐሴ ሃያ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም። ኅዳር ላይ ማሽላውን ማጨድ ስንጀምር ልጄ አስካለ ለዘር የሚሆናትን ዛላ በዘንቢል ሞልታ መጣች። ጥር ላይ ትዳራለች፤ በባሏ አገር የራሷን መሬት ትዘራለች። የለቀመችው ሁሉ ከወንዙ ዳር ነው።

«መልሺው። ከላይ ከጭንጫው ልቀሚ» አልኋት።

«አባዬ፣ የላዩ እኮ የአይጥ ጅራት ነው። እሱን ይዤ ብሄድ አማቶቼ ምን ይሉኛል? ወፍራሙ እያለ ቀጫጫው ለምን ለዘር ይያዛል?»

ስትጠይቀኝ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ማጭዴን አስቀምጬ አንድ ታሪክ ነገርኋት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም። ማሳው ከጭንጫው አፋፍ ተነሥቶ እስከ ወንዝ ይወርዳል። በየዓመቱ ከአጨዳ በፊት ወንዝ ዳር ይወርድና ዛላውን በእጁ እየመዘነ ከባድ ከባዱን ለዘር ይለቅማል። የጭንጫውን ለጠላ ይሰጣል። ወንዙ ለሠራው ሥራ ዘሩን አመሰገነ።

ድንበርተኛው አንዲት ባልቴት ነበረች። ማሳዋ ጭንጫ ብቻ ነው። መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ከሄደ በኋላ፣ በማሳዋ ውስጥ ትዞራለች። ሌላው ቅጠሉን ሲጠቀልል ያልጠቀለለውን፣ ሌላው አገዳው ሲነጣ አረንጓዴ የቀረውን ፈልጋ ልጥ ታስርበታለች። ኅዳር ላይ ልጥ ካለባቸው መካከል ፍሬው የሞላውን ትቆርጣለች። የዛላው መጠን አያስጨንቃትም።

ሀብታሙ ይስቅባታል። «አንቺ ባልቴት፣ ለማሽላም ክታብ ታስሪያለሽ እንዴ?»

«የአንተ የጠጣ ነው» ትለዋለች። «እኔ የጠማውን ነው የማየው።»

አልሰማም። ስምንት ዓመት እንዲሁ ለቀመ። የላይኛው ማሳ በየዓመቱ እየከዳው ሄደ። መጀመሪያ በሬዎቹን ረገመ፤ ቀጥሎ አራሹን አባረረ፤ በመጨረሻ «የባልቴቲቱ ዓይን ነው» አለ። ዘሩን ግን አልጠረጠረም። ወፍራም ነበራ!

በዘጠነኛው ዓመት ወንዙ ደረቀ። ማሳው ከአፋፍ እስከ ወንዝ አንድ ዘር ነው፤ ውሃ እንጂ ጥም የማያውቅ። ባንድ ሳምንት ነደደ። ዛላው ወጣ፣ ፍሬ አልያዘም። ከድንበሩ ወዲያ የባልቴቲቱ ማሽላ አጭር ነው፤ ግን አገዳው አረንጓዴ፣ ትንሹ ዛላ ሙሉ።

ያ ሰው ባዶ ዘንቢል ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ እያየው ድንበሩን ተሻገረ።

«ወፍራም የለኝም» አለችው።

«ቀጫጫውን ይስጡኝ፣ እመት» አላት።

ልጥ ካሰረችባቸው አሥር ቆርጣ ሰጠችው።

ወደ አስካለ ዞርሁ። «አንቺም ያ ሰው ነሽ» አልኋት። «ዛላ የሚወፍረው በሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ዘሩ ነው፣ አንዱ የቆመበት መሬት። መሬቱ የሰጠው እዚሁ ይቀራል፤ ዘሩ የሰጠው ብቻ ነው አብሮሽ የሚሄደው። የምትሄጂበት አገር ወንዝ አለ?»

«የለም» አለች።

«ታዲያ የእኔን ወንዝ በዘንቢል ልትወስጂ ነው? ጠጥቶ የወፈረውን አላውቀውም፤ ገና አልተፈተነም። ጠምቶት ያፈራው ግን ያፈራው በራሱ ነው፤ ልጁም ይወርሰዋል።»

«አማቶቼስ?»

«ዘሩን ሊዘሩት ነው ወይስ ሊያገቡት? ይሳቁ። ክፉ ዓመት ሲመጣ ዘንቢል ይዘው ይመጣሉ።»

ዘንቢሏን ተቀብዬ ለምግብ በተከመረው ላይ ገለበጥሁት። ወደ ጭንጫው ወጣሁ፤ እሷም ተከተለችኝ። መስከረም ላይ እኔም ልጥ ያሰርሁባቸው ስድሳ ነበሩ። አርባውን ለእሷ ቆረጥሁ፤ ለእኔ ሃያው ይበቃል። የተረፈኝን ልጥ ጠቅልዬ በዛላው ላይ ጣልሁላት።

«ለከርሞ አንቺ ታስሪያለሽ» አልኋትና ወደ አጨዳዬ ተመለስሁ።