ነክሶ የማይውጠው ቢጫ አውሬ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ የሚሉት ጅብ ከወገኖቹ ተለይቶ፣ ጭር ባለ ቁልቁለት ላይ ብቻውን ይኖር ነበር። ለብቸኝነት የዳረገው ሆዱ ነው። በጅቦች ደንብ ሥጋ ያገኘ ጮኾ ወገኑን ይጠራል። እሱ ግን ገደል የገባች በቅሎ አግኝቶ፣ ትንፍሽ ሳይል ከነሰኮናዋ ቅርጥፍ አደረጋት። በማግስቱ የአፉ ሽታ አጋለጠው። ከዚያ ወዲህ ቢጮህ «አቤት» የሚለው ጠፋ። ታላቅ እህቱ ብቻ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማዶ ኮረብታው ላይ ካለው ዋሻቸው ደጃፍ ትጠራዋለች። እሱ ደግሞ ኩርፊያው አልወጣለትም፤ እየሰማ ዝም ይላል።

አንድ ማለዳ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ሰዎች አውራ ጎዳና ሊሠሩ መጥተው፣ ከኮረብታው ሥር አንድ ግዙፍ ቢጫ ነገር አቁመዋል። ሰዎቹ ኤክስካቫተር ይሉታል። አያ ጅቦ ግን ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ያየው አንገትና መንጋጋ ነው። አንገቱ ከግራር በላይ ይዘረጋል፤ አንዴ ሲነክስ ኮረብታው ይጎድላል። ለጅብ ከዚህ የበለጠ ምን ውበት አለ?

ይበልጥ የገረመው ግን ሌላ ነው። አውሬው ይነክሳል እንጂ አይውጥም። የነከሰውን ሁሉ ዞር ብሎ ለተሰለፉት ገልባጭ መኪናዎች ያጎርሳቸዋል።

«እኔ አንዲት በቅሎ ማካፈል አቅቶኝ፣ ይሄ ተራራ ያጎርሳል» አለ አያ ጅቦ፤ እንባው መጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጅብ ሆኖ በጠራራ ፀሐይ መዋል ለመደ። ቁራዎች ሳቁበት፤ ደንታም አልሰጠው። ሞተሩ ሲያጓራ እሱን የጠራው ይመስለዋል። ወገኖቹ ከራቁት ወዲህ ልቡ እንዲህ ሞቆት አያውቅም።

ቀበሮ ይህን ስትታዘብ ሰነበተች። የወደደ ልብ ጥያቄ እንደማያበዛ ታውቃለች።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ ጅቦ?» አለች ጎንበስ ብላ። «ወዳጅዎ ስለ እርስዎ ጠየቀኝ።»

«ስለ እኔ?»

«‹ያ ከቁጥቋጦው ሥር የሚውለው ጨዋ ማነው?› አለኝ። እኔ ቋንቋውን እሰማለሁ፤ ያደግሁት መንገድ ሠሪዎች መሃል ነው።»

«ታዲያ ለምን ራሱ አያናግረኝም?»

«እንዴ፣ ትልቅ ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ? ሲመሽ ከእግሩ ሥር ትንሽ ሥጋ ያስቀምጡለት። አጥንት ግን ደስ አይለውም።»

አያ ጅቦ ያገኘውን ሥጋ ሁሉ፣ ምራቁን እየዋጠ፣ ከቢጫው አውሬ ሥር ማስቀመጥ ጀመረ። ማለዳ ሲመጣ ሥጋው የለም። «በላልኝ» ይላል ደስ ብሎት። የእሱ ጎድን አጥንት እየተቆጠረ ሄደ፤ ቀበሮ ደግሞ ወዟ መጣ።

አንድ አመሻሽ ላይ እህቱ ራሷ ቁልቁለቱን ወርዳ መጣች።

«ኮረብታው አለቀ፣ ወንድሜ። ነገ ዋሻችንን ይንዱታል። ዛሬውኑ ወንዙን ተሻግረን ወደ ሩቅ አገር እንሄዳለን። ሽማግሌዎቹን ለምኜልሃለሁ፤ ይቅር ብለውሃል።»

«እኔ ወዳጅ አለኝ» አለ አያ ጅቦ። «ያውቀኛል። ሲያየኝ አንገቱን ዝቅ ያደርግልኛል።»

«ለሚንደው ኮረብታም ዝቅ ያደርጋል» አለች እህቱ። ቀጥላም፣ «ከወንዙ ዳር ሆኜ እጠራሃለሁ። መልስ ከሰጠህ እንጠብቅሃለን። ዝም ካልክ ግን ግልገሎች ይዘን መቆም አንችልም» ብላው ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ጥሪዋ ከወንዙ መጣ። አያ ጅቦ ብድግ አለ፤ አፉንም ከፈተ። ግን ቢጫው አውሬ ገና እየሠራ ነበር። «ብጮህ ይቀየመኝ ይሆን?» ብሎ አፉን መልሶ ገጠመ። እህቱ ደጋግማ ጠራችው። ድምፅዋ እየራቀ፣ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻም ጠፋ።

በማግስቱ ዋሻው ተናደ። መንገዱም ኮረብታውን ሰንጥቆ አለፈ። ሰዎቹ ቢጫውን አውሬ ጎማው በበዛ ረጅም መኪና ላይ ጫኑት። አያ ጅቦ ለአውሬው ያቆያትን ሥጋ በአፉ ይዞ፣ ከተደበቀበት ወጥቶ ከኋላ ሮጠ። አውሬው አንገቱን አጥፎ ተኝቷል፤ ዞር ብሎም አላየው። ከሩጫው የተረፈው አቧራ ነው።

ቀበሮ መንገዱ ዳር ቆማ ነበር።

«ሲሄድ ምን አለኝ?» ሲል ጠየቃት።

ቀበሮ ሥጋውን አየች፤ የገጠጠ ጎኑንም አየች። «ምንም አላለም፣ አያ ጅቦ። ብረት እኮ ነው። ሥጋውን ስበላ የከረምኩት እኔ ነኝ» አለችው። «እኔም ወደሚሄድበት እከተለዋለሁ። እዚያም የሚያፈቅረው አንድ ጅብ አይታጣም።»

አያ ጅቦ አልተቆጣትም። ሥጋውን መሬት ላይ አኖረ። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ፣ በጅቦች ደንብ፣ ሥጋ ያገኘ እንደሚጠራው በረጅሙ ጠራ። ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ። ማንም «አቤት» አላለም። እንደገና ጠራ። በአዲሱ መንገድ ላይ አንድ መኪና ሽው ብሎ አለፈ። ያ አንዲት በቅሎ ለብቻው የጨረሰ ሆዳም ሥጋውን ሳይነካ፣ የሚካፈለው እየጠበቀ እዚያው ተቀመጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ የማያውቀንን ትልቅ ነገር ስናደንቅ የሚወደንን ድምፅ ሰምተን ዝም ካልን፣ ልብ ገዝተን በተጣራን ጊዜ «አቤት» የሚለን እንደማናገኝ ነው።