ድርቅ የሚለው ግራፍ

የየክፍሉን ዕቅድና አፈጻጸም በግራፍ የሚያሳየው የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አንድ ቀን ደህና ይሠራል፣ አንድ ቀን ድርቅ ብሎ ይቀራል። ምክንያቱን የሚያውቅ ጠፋ። በግምገማው ስብሰባ ላይ የሥራ አስኪያጁ የአቶ ልሳነወርቅ ቢሮ ሪፖርት ሲከፈት፣ እንግዶች ፊት ድርቅ አለ። አቶ ልሳነወርቅ ጠረጴዛውን መትተው ድረ ገጹን የምትከታተለውን ፕሮግራመር አስነሷት።

«ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ነው ካልሽ ትባረሪያለሽ፤ አላውቅም ካልሽም ትባረሪያለሽ!»

ሳምንቱን ሙሉ ስትመረምረው የሰነበተችው ፕሮግራመር ረጋ ብላ መለሰች።

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የሚደርቀው የእርስዎ ቢሮ ሪፖርት ሲከፈት ብቻ ነው። የዕቅዱን ቦታ ባዶ ትተው፣ አፈጻጸሙ ላይ መቶ ሃያ በመቶ ብለው ሞልተዋል። ሳይታቀድ ከዕቅድ በላይ ተሠራ ሲባል እኛ ማጨብጨብ ለምደናል፤ ግራፉ ግን አዲስ ገቢ ነው፣ ገና አልለመደም።»